የጠላት ክለብ ደጋፊ ሲሞት ማዘን ግዴታ ነው እንዴ? (ከግሩፕ የተሰደደ ጭቅጭቅ)

ቀዩ_ከኮልፌ
ሰላም ለቤቱ። ትናንት ማታ ቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ የተነሳው ነገር እዛ ስላላለቀ እዚህ ይዤው መጣሁ። አንዱ የሊቨርፑል ልጅ የሂልስቦሮን 97 ሰዎች (በ1989 ሸፊልድ ከተማ ስታዲየም ውስጥ ተጨናንቀው የሞቱትን የሊቨርፑል ደጋፊዎች) አስቦ ሻማ ለጠፈ። ግሩፑ ውስጥ እኛ ዩናይትዶች ስለምንበዛ ወዲያው አንዱ የሳቅ ስቲከር ጣለበት፣ ሌላው "ምናችን ናቸው?" አለ፣ ልጁ ደሙ ፈላና በአጸፋው የሙኒክን አውሮፕላን (በ1958 የዩናይትድን ቡድን ይዞ የተከሰከሰውን) አነሳ፣ ከዛ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፣ እናት አባት ሳይቀር ተሰዳደብን፣ አድሚኑ ቆልፎት ተኛ።

እኔ ዩናይትድ ነኝ፣ ሊቨርፑል ሲሸነፍ እራት ይጣፍጠኛል፣ ይሄን አልዋሽም። ግን የሳቁ ስቲከር አልተዋጠልኝም። እንባ ደግሞ አልመጣልኝም፣ ሰዎቹን አላውቃቸው፣ እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት። እና ጥያቄዬ የምር ነው፣ በህይወትህ አይተኸው የማታውቅ ሰው፣ ያውም የምትጠላው ክለብ ቲፎዞ፣ ሲሞት ማዘን ይጠበቅብሃል ወይስ ዝም ማለት ይበቃል? ለስድብ የመጣ ላሽ ይበል። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ እንጻፍ፣ እንዳንምታታ።)

ምናችን_ነው
"ምናችን ናቸው" ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለዚህ ክር ብዬ ስሜንም ቀይሬያለሁ ሃሃ። የሳቁን ስቲከር ግን እኔ አይደለሁም። የምለው ይሄ ነው፣ ሀዘን ራሱ ይመጣል እንጂ በትእዛዝ አይመጣም። ሻማ ከሚለጥፉት ግማሾቹን ሸፊልድን ካርታ ላይ አሳዩኝ ብትላቸው አያገኟትም። ሻማውን ለጥፎ አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ቲክቶክ ላይ ሜም ሼር ሲያደርግ ታገኘዋለህ፣ ይሄ ሀዘን ነው? ላይክ ለቀማ ነው። እኔ የማላውቀውን ሰው አዝኜለታለሁ ብዬ ከማስመስል አላዘንኩም ብል ይሻላል።

እህተ_መድፈኛ
ልዩነት አለው እኮ ወንድሜ። አለማዘን ሌላ፣ ያዘነ ሰው ስር ሄዶ "ምናችን ናቸው" ብሎ መጻፍ ሌላ። ካልተሰማህ ስክሮል አድርገህ እለፍ፣ ማን ያዘህ? አርሰናል ነኝ፣ ሁለታችሁም እኩል ነው የምታስጠሉኝ፣ ግን ትናንት ግሩፑን ሳነብ ነበር፣ ስለሞቱት ሰዎች የጻፈ አንድም ሰው የለም፣ ሁላችሁም እርስ በርስ መወራወሪያ ነው ያደረጋችኋቸው።

ነቄው
እኔ ሐቁን ልናገር፣ ሂልስቦሮ ላይ ራሳቸው ናቸው የራሳቸውን ሰው የገደሉት። ጠጥተው፣ ትኬት ሳይኖራቸው በር ሰብረው ነው የገቡት። ይሄን የማይቀበል ታሪክ አያውቅም።

አንፊልድ_መርካቶ
@ነቄው ይሄን ነገር የት እንደሰማኸው ልንገርህ። አደጋው የደረሰው ኤፕሪል 15፣ 1989 ነው፣ አራት ቀን ቆይቶ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ፊት ገጹ ላይ "እውነቱ" ብሎ በትልቁ አትሞ ሰካራሞች ናቸው፣ የሞተ ሰው ኪስ ፈትሸዋል ምናምን ብሎ ወጣ። ዘ ሰን ነው። እስከ ዛሬ ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ ያን ጋዜጣ በእጁ የማይነካ ሰው ሞልቷል።

የሆነው እንዲህ ነው። የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋር፣ ሜዳው የሸፊልድ ዌንስደይ። ለእኛ የተሰጠው በኩል መግቢያው ጠባብ ነበር፣ ውጪ ሰው ታጨቀ። ጨዋታው ሊጀመር 8 ደቂቃ ሲቀረው ፖሊስ ራሱ ትልቁን የመውጫ በር አስከፈተ። ሰብሮ የገባ የለም፣ ተከፍቶላቸው ነው የገቡት። ፊት ለፊታቸው ያለው መተላለፊያ ቀጥታ የሚወስደው ጢም ብለው ወደሞሉት ሁለቱ መሀል ክፍሎች ነው፣ ያን መተላለፊያ ዘግቶ ሰዉን ወደ ጎንና ጎን የሚመራ ፖሊስ አልነበረም። ከፊት ደግሞ የብረት አጥር አለ፣ ያኔ ደጋፊን እንደ ከብት አጥር ውስጥ ነበር የሚያስገቡት። ኋላ ያለው ምን እንደተፈጠረ አያውቅም፣ ይገፋል፣ ፊት ያለው አጥሩ ላይ ተጣብቆ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጨዋታው ተጀምሮ ስድስት ደቂቃ ያህል እንደሄደ ተቋረጠ፣ ሰዎች የማስታወቂያ ሰሌዳ ነቅለው እንደ ቃሬዛ እየተጠቀሙ ጓደኞቻቸውን ተሸክመው ሲሮጡ ነበር።

አዛዡ ፖሊስ ዱከንፊልድ ወዲያው "ደጋፊዎቹ በሩን ገፍተው ከፈቱ" አለ። ውሸት ነበር፣ ቆይቶ ራሱም አምኗል። በ2012 ገለልተኛው አጣሪ ቡድን ሰነዶቹን ሲያወጣ 164 የፖሊስ ምስክርነቶች ተስተካክለው ተገኙ፣ ከነሱ 116ቱ ላይ ፖሊስን የሚያስወቅሰው ተቆርጦ ወጥቷል። በ2016 የአሟሟታቸውን ጉዳይ ያየው ችሎት ጁሪዎች በህገ ወጥ መንገድ ተገደሉ ብለው ወሰኑ፣ ደጋፊዎቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም አሉ። 27 ዓመት! አዛዡ ተከሶ በ2019 ነጻ ወጣ፣ የስታዲየሙ ክለብ ጸሐፊ የነበረው ደግሞ 6,500 ፓውንድ ተቀጣ። አለቀ። ትንሹ ሟች 10 ዓመቱ ነበር፣ የሊቨርፑሉ አምበል የነበረው የጄራርድ ዘመድ ነው። 97ኛው በጉዳቱ 32 ዓመት ተሰቃይቶ በ2021 ነው ያረፈው። እና አንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ "ሐቁ" ትለኛለህ። ማዘኑ ይቅርብህ፣ የፖሊሱን ውሸት ግን አትድገምልኝ።

ነቄው
እሺ ስለ በሩ ይሁን። ሄይሰልስ? የዩቬንቱስ ሰዎችስ? እሱን ሻማ ስትለጥፍ አይቼህ አላውቅም።

አንፊልድ_መርካቶ
ጥሩ ጠየቅክ። ሜይ 29፣ 1985 ብራስልስ፣ 39 ሰው፣ አብዛኞቹ ጣሊያኖች። የኛ ሰዎች ሮጠውባቸው፣ ሲሸሹ ግድግዳው ፈረሰ፣ ስታዲየሙ የበሰበሰ ነበር ግን ያሯሯጧቸው የኛ ናቸው፣ 14 ሰው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሏል። በ2005 ከዩቬ ጋር በሻምፒዮንስ ሊግ ስንገናኝ አንፊልድ ላይ ደጋፊው ካርድ ይዞ በጣሊያንኛ "ወዳጅነት" የሚል ጻፈላቸው። ግማሾቹ አጨበጨቡ፣ ግማሾቹ ጀርባቸውን አዞሩ። መብታቸው ነው። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን የቱ ጋ እንደምሆን አላውቅም።

ቀዩ_ከኮልፌ
ጀርባ ያዞሩት ነገር ገረመኝ፣ አላውቅም ነበር። እኛ አዘንን ስንል የሚቀበለው ሰው ይቀበለን አይቀበለን አስበን አናውቅም።

በነገራችን ላይ የራሴን ሰፈር ጉድ ላውራ። በ2023 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ አንዱ የዩናይትድ ቲፎዞ ከጀርባው 97 አይበቃም የሚል ማሊያ ለብሶ ተገኘ። ፖሊስ ያዘው፣ 1,000 ፓውንድ ተቀጣ፣ 4 ዓመት ስታዲየም እንዳይገባ ታገደ። በዛው ዓመት ማርች ላይ ደግሞ የያኔዎቹ አሰልጣኞች፣ የሊቨርፑሉ ክሎፕና የኛው ቴን ሀግ፣ ከጨዋታ በፊት በሞተ ሰው መዘፈን ይቁም ብለው አብረው መግለጫ አውጥተው ነበር (ያቺ ሊቨርፑል 7 ለ 0 ያሸነፈን ጨዋታ ናት፣ ውጤቱን የሚያነሳ ሰው ብሎክ)።

አንፊልድ_መርካቶ
7

ቀዩ_ከኮልፌ
ሃሃሃ ውሻ።

ሲቲዝን_ገርጂ
ስለ ሙኒክ እኔ ልናገር፣ በዚህ ጉዳይ የኛ ስም ጥሩ አይደለም። ብዙ የሲቲ ሰው ለዓመታት በሙኒክ ሲዘፍን ኖሯል። ግን ፌብሩዋሪ 6፣ 1958 ከሞቱት 23 ሰዎች አንዱ ፍራንክ ስዊፍት ነው፣ የሲቲ የድሮ ግብ ጠባቂ፣ ጋዜጠኛ ሆኖ ነበር አብሯቸው የተሳፈረው። የራስህ በረኛ በሞተበት አደጋ ትዘፍናለህ ማለት ነው። በ2008 ሃምሳኛው ዓመት ሲታሰብ ፕሮግራሙ እድል አውጥቶ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ደርቢ ጣለው፣ ሁሉም ሰው ዝምታውን የሲቲ ደጋፊ ያበላሸዋል ብሎ ፈርቶ ነበር። አላበላሹም። አንድ ደቂቃ ጸጥ አሉ፣ ከዛ ሰክተው 2 ለ 1 አሸነፉ። ለኔ ይሄ በቂ ነው፣ አልቅስ የሚል የለም፣ ለአንድ ደቂቃ አፍህን ዝጋ፣ ከዛ ወደ ፉክክርህ ተመለስ።

ብቸኛው_ኤቨርተን
አዎ፣ አለሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያለሁት የኤቨርተን ደጋፊ እኔ ነኝ፣ ሌላ ካለ ይጻፍልኝ እድር እናቋቁም።

ማንም ተቀናቃኝ ያላዘነውን ያህል ያዘኑት የኛዎቹ ናቸው። ከአደጋው በኋላ በነበረው ሳምንት ከጉዲሰን (ያኔ የኛ ሜዳ) እስከ አንፊልድ (የሊቨርፑል ሜዳ)፣ ስታንሊ ፓርክን አቋርጦ፣ ሰማያዊና ቀይ ስካርፍ እየተቋጠረ ተዘረጋ። ከወር በኋላ ዋንጫውን ለመጫወት የተገናኙት እነዛው ሁለቱ ናቸው፣ 3 ለ 2 ተሸነፍን። በ2012 የሰነዱ ሪፖርት በወጣ ሳምንት ደግሞ ጉዲሰን ላይ ከኒውካስል ጋር ስንጫወት ሁለት ህጻናት እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ፣ ልጅቷ የኤቨርተን ማሊያ ልጁ የሊቨርፑል፣ ጀርባቸው ላይ 9 እና 6 (ያኔ 96 ነበሩ)። የሟቾቹ ስም በሙሉ ስክሪኑ ላይ አለፈ። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት፣ የኤቨርተን ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብ። ያን ቀን ሊቨርፑል እዛ አልተጫወተም እኮ፣ ማንም አላስገደዳቸውም።

ምናችን_ነው
@ብቸኛው_ኤቨርተን ያ እኮ የአንድ ከተማ ሰው ነው። አባት ሰማያዊ ልጅ ቀይ የሆነበት ቤት ሞልቷል፣ የሞተው ጎረቤቱ ነው፣ የክፍል ጓደኛው ነው። "የማናውቀው ሰው" የሚለው ውስጥ አይገባም። እኔንና ሸፊልድን ምን ያገናኘናል?

ከግላስጎ_ነኝ
@ምናችን_ነው እንግዲያው የማይዋደድ ከተማ ልንገርህ። እዚህ ሬንጀርስና ሴልቲክ የሚለያቸው ኳስ ብቻ አይደለም፣ ሃይማኖት አለበት፣ አየርላንድ አለበት፣ የት ትምህርት ቤት ተማርክ የሚለው አለበት። መጀመሪያ ስመጣ የሥራ ባልደረቦቼ አረንጓዴ ጃኬት አትልበስ ብለው ሲመክሩኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ጃንዋሪ 2፣ 1971 የሬንጀርስ ሜዳ አይብሮክስ ላይ ደርቢው 1 ለ 1 አልቆ ሰው ሲወጣ ደረጃ 13 ላይ ተደራርበው 66 የሬንጀርስ ደጋፊዎች ሞቱ። ማርኪንች ከምትባል ትንሽ ከተማ አብረው የሄዱ አምስት ልጆች አምስቱም አልተመለሱም። ለብዙ ጊዜ ሰው ሲያወራ የነበረው፣ በመጨረሻ ደቂቃ ጎል ሲገባ የወጡት ተመልሰው እየሮጡ ሲገቡ ተጋጩ ነው፣ ምርመራው ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲወርዱ ነው ያለው። እዛም ልክ እንደ ሂልስቦሮ መጀመሪያ የተወራው ጥፋቱን ሟቾቹ ላይ የሚጥለው ነው፣ ይሄን ልብ በሉ።

የሴልቲክ አሰልጣኝ ጆክ ስታይን ያን ማታ ሜዳ ላይ ከተጎጂዎቹ መሀል እየተሯሯጠ ሲረዳ ነበር። በዛው ወር ሀምፕደን ላይ ለቤተሰቦቹ ገቢ ማሰባሰቢያ ጨዋታ ተደረገ፣ ሬንጀርስና ሴልቲክ አንድ ቡድን ሆነው ከስኮትላንድ ምርጥ ጋር ተጫወቱ፣ ጆርጅ ቤስትና ቦቢ ቻርልተንም ከነሱ ጋር ተሰልፈው። ከ80 ሺህ ሰው በላይ ገባ። ዛሬ ስታዲየሙ ጥግ ላይ የያኔው አምበል የጆን ግሬግ ሐውልት አለ፣ ከስሩ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። ለሥራ በዛ በኩል ነው የማልፈው፣ ስሞቹን ቆሜ ሳነብ ያየሁት ነገር የአያት ስማቸው አንድ የሆኑ አሉ፣ አባትና ልጅ ይሁኑ ወንድማማች አላውቅም፣ ግን እዛ ጋ ስቆም የማን ቲፎዞ ነኝ የሚለው ትዝ አላለኝም።

ከዛ በኋላ ታረቁ ወይ ካላችሁ፣ አልታረቁም። ዛሬም በአይብሮክስ ሙታን የሚዘፍን አይጠፋም። ያ ጨዋታ ጥላቻውን አላጠፋውም፣ የሟች ቤተሰብ ግን ገንዘቡን አግኝቷል።

እህተ_መድፈኛ
የመጨረሻዋን መስመር ወደድኳት።

ምናችን_ነው
እሺ ግላስጎን ተቀበልኩ። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ፣ ሁላችሁም መልሱ። ሜይ 9፣ 2001 አክራ ውስጥ ምን ሆነ? ሳትፈልጉ መልሱ።

...

ዝም። ሃርትስ ኦፍ ኦክና አሳንቴ ኮቶኮ፣ ጋና ውስጥ ከነሱ በላይ ተቀናቃኝ የለም። 126 ሰው ሞቷል። ከሂልስቦሮ ይበልጣል፣ አፍሪካ ውስጥ ነው፣ እኛው አህጉር። በዛው ዓመት ከአንድ ወር በፊት ጆሃንስበርግ ኤሊስ ፓርክ ቺፍስና ፓይሬትስ ሲጫወቱ 43 ሞቱ። በ2022 ኢንዶኔዥያ 135 ሞቱ። ለማናቸው ሻማ ለጠፋችሁ? ለዚህ ነው "ምናችን ናቸው" ያልኩት፣ እናንተ የምታዝኑት ሰው ስለሞተ ሳይሆን ዲኤስቲቪ ስላሳያችሁ ነው። በ2025 በመኪና አደጋ ለሞተው የሊቨርፑል ተጫዋች ለጆታ ያለቀሳችሁት ገባኝ፣ ልጁን በየሳምንቱ እናየው ነበር፣ በጨዋታው እናውቀዋለን፣ እኔም ከፍቶኛል። ቲፎዞ ግን ቲፎዞ ነው፣ የሸፊልዱን ካላወቅከው የአክራውንም አታውቀውም፣ ታዲያ አንዱ ሻማ ሲያገኝ ሌላው ለምን አያገኝም?

አንፊልድ_መርካቶ
ይሄ ነጥብ ነው፣ አልከራከርም።

ካይሮ_ነበርኩ
እኔ የአፍሪካ አንድ ልጨምር። ፌብሩዋሪ 1፣ 2012 ግብጽ፣ ፖርት ሰይድ፣ የከተማው ክለብ አል መስሪ አል አህሊን 3 ለ 1 አሸንፎ፣ *አሸንፎ*፣ ደጋፊው ሜዳ ገብቶ የአህሊ ደጋፊዎችን አሳደደ። መውጫው ተዘግቶ ነበር፣ መብራቱ ጠፋ፣ 74 ሰው ሞተ። ሰፈራችን ያለው ቡና ቤት ባለቤት የአህሊ ዋና ተቀናቃኝ የሆነው የዛማሌክ ቀንደኛ ደጋፊ ነበር፣ አህሊ ሲሸነፍ ሻይ በነጻ ይሰጣል። ያን ማታ ካይሮ ላይ የዛማሌክ ጨዋታ ራሱ ዜናው ሲሰማ ተቋረጠ። ሰውየው ቲቪውን አጥፍቶ ሺሻውን ሁሉ ሰበሰበና "ወደየቤታችሁ ሂዱ፣ ልጆቻችሁ ቤት መግባታቸውን እዩ" አለን። እሱ የማንን ልጅ ነው የሚያውቀው?

ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2015 ተራው የዛማሌክ ሆነ። በጠባብ የብረት አጥር ውስጥ ተሰልፈው ሊገቡ ሲሉ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰባቸው፣ ከ20 ያላነሱ ሞቱ፣ ውስጥ ጨዋታው ግን ቀጠለ። ኦማር ጋበር የሚባል ተጫዋች አልጫወትም ብሎ ቀረ፣ ክለቡ ቀጣው። እና @ምናችን_ነው፣ ቲፎዞ የሚሞተው በሌላ ቲፎዞ እጅ ብቻ አይደለም። በር፣ አጥር፣ ጭስ፣ ፖሊስ። የዛማሌኩ የአህሊውን ያዘነለት ደግ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም፣ ነገ እዛ በር ላይ የሚቆመው ራሱ ስለሆነ ነው።

ጋሼ_ሚስማር_ተራ
ልጆች ሳነባችሁ ቆየሁ። እኔ የስታዲየም ሰው ነኝ፣ ድሮ አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ቆሜ ጊዮርጊስን የደገፍኩ፣ ካታንጋና ከማን አንሼ በሚባሉት የስታዲየሙ መቀመጫዎች ያሉትን ሲሰድቡኝ የሰደብኩ፣ አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎ ቤት ነው የማየው።

ማልቀስና ለቅሶ መድረስ ለየቅል ናቸው። በሀገራችን ከማትነጋገረው ጎረቤት ቤት ሰው ሲሞት ትሄዳለህ አይደል? በድንበር ተካሰህ፣ ሰላምታ ከልክለህ፣ ግን ድንኳኑ ሲተከል ገብተህ ጥግ ላይ ትቀመጣለህ። ማንም ለምን እንባህ አልመጣም አይልህም። አንተም አዝኛለሁ ብለህ አትምልም። ተቀመጥክ፣ ታየህ፣ ወጣህ። ምናችን ነው ያለው ልጅ አይመጣልኝም ያለው እንባውን ከሆነ ልክ ነው፣ እኔም ለሸፊልድ አላለቅስም። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ የሚስቀውን ግን ሰፈሩ ያወጣዋል። ስለ ጣሊያኖቹ ያነሳችሁትም እንደዛው፣ ገዳይ በኩል ያለ ሰው ሰተት ብሎ ለቅሶ አይገባም፣ ሽማግሌ ይልካል፣ እምቢ ከተባለም ውጪ ይቆማል።

ምናችን_ነው
ጋሼ በጣም አከብርዎታለሁ፣ ግን ጎረቤት ጋ የሚኬደው ነገ እሱም ስለሚመጣልኝ ነው። እድር ማለት ብድር ነው። የሸፊልድ ሰው እኔ ብሞት ለቅሶ ይመጣል?

ጋሼ_ሚስማር_ተራ
አይመጣም ልጄ። ግን ትሄድ የነበረው ለመቁጠር ብቻ ከሆነ፣ ልጅ የሌላቸው አሮጊት ሲሞቱ ቀባሪ ባልተገኘ ነበር፣ እሳቸው ማንን መልሰው ይቀብራሉ? እና የሸፊልድ ሰው ባይመጣም ሻማውን የለጠፈው ልጅ ያንተው ግሩፕ ውስጥ ነው ያለው። እሱ ይመጣል።

ሲቲዝን_ገርጂ
ጋሼ 👏 ይኑሩልን።

ነቄው
እኔ አሁንም እንግሊዞቹ ያጋንኑታል ባይ ነኝ፣ በየሳምንቱ ዝምታ፣ በየሳምንቱ ጭብጨባ፣ ለሁሉ ሰው ጥቁር ክር። በዝቶ ትርጉም አጥቷል። ስለ በሩ ግን አነበብኩት፣ እሺ፣ ፖሊስ ነው የከፈተው።

እህተ_መድፈኛ
@ነቄው "እሺ" ያልክበትን ቀን ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ።

የግሩፑ_አድሚን
ተኝቼ ተነስቼ ነው የማነበው፣ ስለ ለቅሶና ስለ አይብሮክስ ስታወሩ ግሩፑ አሁንም እንደተቆለፈ ነው። ዛሬ ማታ እከፍተዋለሁ፣ ግን ደንብ እለጥፋለሁ። ሻማ መለጠፍ ግዴታ የለበትም። በሻማ ስር መሳቅ፣ ሙኒክ፣ ሂልስቦሮ፣ ሄይሰል፣ ማንንም ሟች አንስቶ ሙድ መያዝ ያስባርራል፣ የማንም ክለብ ይሁን፣ የኔ ወንድምም ቢሆን (የሳቁ ስቲከር እሱ ነው፣ አውቄያለሁ)። ውጤት ላይ፣ አሰልጣኝ ላይ፣ በረኛ ላይ ሙድ መያዝ እንደ ድሮው ይቀጥላል።

ምናችን_ነው
ተስማምቻለሁ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ሜይ 9 የአክራውን እኔ ራሴ እለጥፋለሁ፣ በኛ ግንቦት 1 ነው የሚውለው። ማን ላይክ እንደሚያደርግ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ብቸኛው_ኤቨርተን
ግንቦት ልደታ እኮ ነው፣ ያን ቀን ሁላችንም ንፍሮ ላይ ነን።

ቀዩ_ከኮልፌ
ንፍሮውን እየበላን ላይክ እናደርጋለን፣ ኔትወርክ ካለ። @ምናችን_ነው ስትለጥፍ ግን ሁለቱን ክለቦች ጻፍ፣ ግማሹ ሰው ማን ከማን እንደሆነ አያውቅም።

ምናችን_ነው
ሃርትስ 2 ኮቶኮ 1። ኮቶኮዎች ተናደው ወንበር እየነቀሉ ወረወሩ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ሰው ወደ በር ሲሮጥ በሩ ተቆልፏል። እንደዚህ ብዬ ነው የምጽፈው፣ አስተካክሉኝ ካላችሁ አሁን ንገሩኝ።

አንፊልድ_መርካቶ
ደህና ነው። 126 የሚለውን ከላይ አድርገው፣ ውጤቱን ከታች።